አምሮ የተመለሰው ጠመንጃ ለምን አልዘጋ አለ?

በእንግሊዝ አገር በበርሚንግሃም ከተማ የጠመንጃ ሰፈር የሚባል አካባቢ አለ። በ19ኛው ክፍለ ዘመን እዚያ አንዱ ቤት አፈሙዝ ይበሳ፣ ጎረቤቱ ምላጭና መዶሻ ይሠራ፣ ማዶ ያለው ሰደፍ ይጠርብ፣ ሌላው ብረት ላይ ሐረግ ይቀርጽ ነበር። አንድ ጠመንጃ ተሠርቶ እስኪያልቅ ከደጅ ደጅ ሲዞር ይከርማል። የዚያ ዘመን ባለ ሁለት አፈሙዝ የአደን ጠመንጃዎች ዛሬም ከአያት ለአባት፣ ከአባት ለልጅ እየተላለፉ በየቤቱ አሉ። የወረሳቸው ሰው አንድ ቀን የነካቸውን ዝገትና የደበዘዘውን ቀለም አይቶ ይታደሱልኝ ማለቱ አይቀርም። ጣጣው ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ከዚህ ነው።

በጠጋኙ ጠረጴዛ ላይ ነገሩ እንዲህ ሆኖ ይታያል። ከቀለም ቤት የተመለሱት ክፍሎች ከተጠቀለሉበት ጨርቅ ይወጣሉ። አፈሙዞቹ ጥልቅ ጥቁር ሰማያዊ ሆነዋል። አፈሙዞቹ የሚቀመጡበትና የመተኮሻው መሣሪያ የታቀፈበት የብረት አካል፣ መዝጊያ ቤት እንበለው፣ ሰማያዊ፣ ሐምራዊና ገለባማ ቢጫ ተቀላቅሎበታል። ለዓይን እንከን የለውም። ባለሙያው አፈሙዞቹን በመንጠቆአቸው ከማጠፊያው ፒን ላይ አንጠልጥሎ ቀስ ብሎ ወደ ላይ ያነሣቸዋል። ሊገጥሙ ጥቂት ሚሊሜትር ሲቀራቸው ቀጥ ይላሉ። ጉልበት ቢጨምርበት ይዘጋል፤ ግን አይጨምርም። አውርዶ ሰደፉን ይሞክራል። በፊት ያለ ምንም ትግል ሰተት ብሎ ይገባ የነበረው የመዝጊያ ቤቱ የብረት ምላስ አሁን በአንድ በኩል እንጨቱን ይገፋል፤ በሌላው በኩል ወረቀት የሚያስገባ ክፍተት ትቷል። ብሎኖቹም አንዱ አልደርስ ይላል፣ ሌላው አልፎ ይዞራል።

ከሳምንታት በፊት ይኸው ጠመንጃ አርጅቶም ቢሆን ይከፈትና ይዘጋ ነበር። አሁን አምሯል፤ ግን አይዘጋም። ምን ነካው?

ለአንዱ ብቻ የተሠራ

መልሱን ለማግኘት ጠመንጃው መጀመሪያ እንዴት እንደተሠራ ማወቅ ያስፈልጋል። የለንደኑ ጄምስ ፐርዲ አፈሙዞቹን ከሥር የሚቀረቅር ተንሸራታች መቀርቀሪያ ያስመዘገበው በ1863 ነው። በበርሚንግሃሙ የዌስትሊ ሪቻርድስ ድርጅት ይሠሩ የነበሩት ዊሊያም አንሰንና ጆን ዲሊ ደግሞ በ1875 መዶሻውን፣ ሞላውን እና መያዣ ጥርሱን በሙሉ መዝጊያ ቤቱ ውስጥ የከተተ ንድፍ አስመዘገቡ። ቦክስሎክ የሚባለው ይህ ነው። ሌላው ዓይነት፣ ሳይድሎክ፣ መሣሪያውን ከግራና ከቀኝ በሁለት ቀጫጭን የጎን ሰሌዳዎች ላይ ይሸከማል። ያለፈው መቶ ዓመት ባለ ሁለት አፈሙዝ ጠመንጃ በአብዛኛው የእነዚህ የሁለቱ ልጅ ነው።

ንድፉ ለሁሉም አንድ ይሁን እንጂ ክፍሎቹ አንድ አልነበሩም። እያንዳንዱ ክፍል በሞረድ የተስተካከለው ከጎኑ ላለው ክፍል ብቻ ነው። የአንዱ ጠመንጃ ብሎን ለሌላው፣ ከዚያው ቤት ለወጣው መንትያው እንኳ፣ አይሆንም። አፈሙዞቹ መዝጊያ ቤቱ ላይ ሲቀመጡ በአንድ ጊዜ በብዙ ቦታ መንካት አለባቸው፦ መንጠቆው ፒኑን፣ ከሥር የወጡት ጉጦች የተቆረጠላቸውን ጎድጓዳ፣ የአፈሙዞቹ ኋላ ደግሞ የቀለሁን ቂጥ የሚደግፈውን ቀጥ ያለ ገጽ። ይህን ገጽ ግንባር እንበለው። አንዱ ነክቶ ሌላው ካልነካ፣ በተኮሰ ቁጥር ኃይሉ ሁሉ በነካው ላይ ይወድቃል። የዚህ ሥራ መለኪያ የኢንች አንድ ሺኛ፣ ማለትም ከሚሊሜትር አርባ እጅ አንዱ ነው።

ይህ ሁሉ የሚስተካከለው ብረቱ ገና ለስላሳና ያልተቀባ ሳለ ነበር። ማጠንከሩና ቀለሙ የመጨረሻዎቹ ናቸው። የዛሬ አዳሽ ግን ነገሩን ከመጨረሻው ይጀምራል፤ ግጥሙ ያለቀለትን ጠመንጃ ፈትቶ እንደገና ይቦርሸዋል፣ እንደገና ያግለዋል፣ እንደገና ይቀባዋል። ሦስቱም ግጥሙን ያናጋሉ፤ እያንዳንዳቸው በየራሳቸው መንገድ።

የከሰሉ ሣጥን

መዝጊያ ቤቱ ላይ የሚታየው ዥንጉርጉር ከላይ የተቀባ አይደለም። ብረቱ የአጥንትና የእንጨት ከሰል በታጨቀበት የብረት ሣጥን ውስጥ ተቀብሮ፣ ሣጥኑ ታሽጎ በምድጃ ውስጥ ለሰዓታት ይግላል፤ ሙቀቱ ከ700 እስከ 800 ዲግሪ ሴልሺየስ ባለው መካከል ነው። በዚህ ጊዜ ላዩ ከከሰሉ ካርቦን ይጠጣል። ከዚያ ሣጥኑ አየር በሚንተከተክበት ቀዝቃዛ ውሃ ላይ ይገለበጣል። ላዩ እንደ መስተዋት ይጠነክራል፣ ውስጡ ለስላሳና ጠንካራ ድብደባ የሚችል ሆኖ ይቀራል፤ ቀለሙ ደግሞ በዚያች ቅጽበት በላዩ የሚፈጠረው እጅግ ስስ የኦክሳይድ ሽፋን ነው። ሥራው የተፈለሰፈው ለውበት አልነበረም። የድሮው መዝጊያ ቤት ከለስላሳ ብረት የተቀጠቀጠ ስለነበር፣ ያለዚህ ቅርፊት የሚፋተገው ቦታ ሁሉ ቶሎ ያልቅ ነበር።

ችግሩ ይህ ነው፦ ካርቦን የጠጣው ቅርፊት በውሃው ሲጠነክር በመጠኑ ይለጠጣል፤ ካርቦን ያልደረሰው ውስጡ ግን አይለጠጥም። በዚያ ላይ ስሱ ቦታ ቀድሞ ይቀዘቅዛል፣ ወፍራሙ ይዘገያል። መዝጊያ ቤት ደግሞ ወጥ ጡብ አይደለም፤ ለጉጦቹ፣ ለመዶሻዎቹና ለመቀርቀሪያው ተፈልፍሎ የቀረው ቀጫጭን ግድግዳ ነው። ግድግዳዎቹ ወደ ውስጥ ከተጠጉ አፈሙዞቹ አይገቡም፤ ወደ ውጭ ከተከፈቱ ገብተው ይወዛወዛሉ። ከኋላው ወደ ሰደፉ አንገት የሚዘረጋው ረጅም የብረት ምላስ ከሁሉ በላይ ይጎብጣል። በሳይድሎክ ላይ የጎን ሰሌዳዎቹ ራሳቸው ይጠማዘዛሉ፤ ለዘመናት እንጨቱ ውስጥ ሽፍን ብለው ይቀመጡ የነበሩት ሰሌዳዎች አንድ ጫፋቸው ብቅ ይላል።

ሥራውን የሚያውቅ ሰው ይህን አስቀድሞ ይከላከላል። በግድግዳዎቹ መካከል በልክ የተሠሩ የብረት መደገፊያዎች ያስገባል፣ ምላሱን ከወፍራም ብረት ጋር በብሎን ያስረዋል፣ ከዚያ ነው ከሰሉ ውስጥ የሚቀብረው። ይህም ሆኖ ምንም አይነቃነቅም ብሎ የሚምል የለም። ከወጣ በኋላ ማስተካከል ደግሞ ከባድ ነው፤ በጠነከረው ቅርፊት ላይ ሞረድ ይንሸራተታል እንጂ አይቆርጥም። የቀረው መንገድ በስለት ድንጋይ ቀስ እያሉ መፋቅ ነው። ቅርፊቱ ግን የሚሊሜትር ጥቂት አሥረኛ ብቻ ስለሆነ፣ ብዙ የፋቀ ሰው ተመልሶ ለስላሳው ብረት ላይ ይደርሳል፤ የማጠንከሩም ትርጉም ያበቃል።

ጥቁረቱና የሥሩ ብየዳ

አፈሙዞቹ ሌላ ታሪክ አላቸው። ሁለቱ ቱቦዎች ከኋላ በጠንካራ ብየዳ ይያያዛሉ፤ ከዚያ በርዝመታቸው ሁሉ ከላይና ከሥር የሚሄዱ ሁለት ማያያዣ ዘንጎች በቆርቆሮና በእርሳስ ቅልቅል ተበይደው ይይዟቸዋል። በዘንጎቹ መካከል ባዶ ቦታ አለ።

ብዙ የጦር ጠመንጃና ሽጉጥ የሚጠቁረው ኮስቲክ ሶዳና ናይትሬት በተደባለቀበት የፈላ ገንዳ ነው፤ ሙቀቱ 140 ዲግሪ አካባቢ ይደርሳል። የቆርቆሮና የእርሳስ ቅልቅል የሚቀልጠው ከ183 ዲግሪ ጀምሮ ስለሆነ፣ ብየዳው አይቀልጥምና ምንም አይሆንም የሚል ሰው አይጠፋም። ስሌቱ ትክክል ነው፤ መደምደሚያው ግን ስህተት ነው። ብየዳውን የሚበላው ሙቀቱ ሳይሆን ኮስቲክ ሶዳው ነው። ቆርቆሮና እርሳስ በጋለ ሶዳ ይሟሟሉ። ዘንጉ ዛሬውኑ ባይላቀቅ እንኳ በየቀዳዳው ወደ ባዶው ቦታ የገባው ጨው ታጥቦ አይወጣም፤ ውስጥ ሆኖ ብረቱን ይበላል፣ ከወራት በኋላም በስፌቱ በኩል ነጭ ዱቄት ሆኖ ይወጣል። ስለዚህ በቆርቆሮ የተበየደ ጥንድ አፈሙዝ ወደዚያ ገንዳ መግባት የለበትም።

ትክክለኛው መንገድ ዘገምተኛው ነው። አፈሙዞቹ ጣት ያረፈበት ቅባት እንኳ እስኪጠፋ ይጸዳሉ፣ አዛጊ ፈሳሽ በስሱ ይቀባባቸዋል፣ እርጥበት ባለው ቁም ሣጥን ውስጥ ለሰዓታት ይሰቀላሉ። ቀይ ዝገት ሲለብሱ በንጹሕ ውሃ ይቀቀላሉ። የፈላው ውሃ ቀዩን ዝገት ማግኔታይት ወደሚባለው ጥቁር ኦክሳይድ ይለውጠዋል። ብናኙ በቀጭን የሽቦ ብሩሽ ይጠረግና ሥራው ከመጀመሪያው ይደገማል፤ ቀለሙ እስኪጠልቅ ብዙ ዙር ይጠይቃል።

ይህም ቢሆን የራሱን ወጥመድ ይዟል። መንጠቆው፣ የጉጦቹ ጎንና የአፈሙዞቹ ኋላ መዛግ የለባቸውም። ሳይሸፈኑ ከቀሩ አዛጊው ፈሳሽ ያለ ምሕረት ይበላቸዋል፤ ከዚያ በኋላ ግንባሩ ላይ ተጣብቆ ይዘጋ የነበረው ጠመንጃ ከግንባሩ ይለቃል። ዘንጎቹ ቀድሞውንም ላልተው ከነበረ ደግሞ የሚቀቀሉበት ውሃ ወደ ባዶው ቦታ ይገባል። ስለዚህ ልምድ ያለው ባለሙያ ከሁሉ በፊት ጆሮውን ይጠቀማል። አፈሙዞቹን በመንጠቆአቸው በኩል በገመድ አንጠልጥሎ በጣቱ ጥፍር ወይም በእንጨት መታ ያደርጋቸዋል። ጥርት ብሎ የሚቆይ ድምፅ ከሰጡ ደህና ናቸው። ድምፁ ታፍኖ ወዲያው ከሞተ አንድ ቦታ ብየዳው ለቋል።

የለቀቀ ዘንግ እንደገና መበየድ ይቻላል፤ ግጥሙን የሚያናጋ ሌላ ሥራ ግን ነው። ሁለቱ ቱቦዎች የሚጠጋጉበት ልክ በጥቂቱ ከተለወጠ ግራና ቀኙ የሚመቱት ቦታ ይለያያል። የፊቱን እጀታ እንጨት የሚይዘው ቀለበትም ከሥረኛው ዘንግ ጋር ስለሚሄድ፣ በጥቂቱ ከሸሸ እንጨቱ አልገባ ይላል፤ ወይም ይገባና ተወዛዋዥ ይሆናል።

የሞረድ ዕዳ

ከእሳትና ከሶዳ ይልቅ ብዙ አሮጌ ጠመንጃ ያበላሸው ብርጭቆ ወረቀት ነው። የጥቁረቱ ሽፋን ከፀጉር እጅግ የሳሳ ስለሆነ በውፍረቱ ግጥም አያዛባም። ከሱ በፊት የሚደረገው ፍተጋ ግን ብረት ይቀንሳል፤ የተቀነሰ ብረት ደግሞ አይመለስም። የፈሰሰ አይታፈስም እንደሚባለው ነው።

አንድ ብሎን በቅርብ እንይ። በጥሩ የእንግሊዝ ጠመንጃ ላይ የእያንዳንዱ ብሎን ራስ ከአካባቢው ገጽ ጋር እኩል ሆኖ ይተኛል። የካቻቪቴው መግቢያ ስንጥቅ ተጠብቆ ሲቆም ከአፈሙዙ ርዝመት ጋር በአንድ አቅጣጫ ይጋጠማል። በራሱ ላይ የተቀረጸው ቅጠል ደግሞ ከጎኑ ካለው ብረት ላይ ከጀመረው ሐረግ ይቀጥላል። ብሎኑ ሩብ ዙር ቢጎድል ወይም ቢያልፍ ሐረጉ ይቆረጣል። አሁን የዚህን ብሎን መቀመጫ በሞተር በሚሽከረከር ጨርቅ ቦርሹት። የቀዳዳው ጠርዝ ክብ ይሆናል፣ በብሎኑ ዙሪያ ሳህን የመሰለ ጎድጓዳ ይፈጠራል። መቀመጫው ስለወረደ ብሎኑ ከቀድሞው አልፎ ይዞራል፤ ስንጥቁ ወደ ጎን ይጋደማል። ይህን ማስተካከል የሚቻለው ራሱ ወፍራም የሆነ አዲስ ብሎን ሠርቶ፣ በልኩ ሞርዶ፣ ሐረጉን እንደገና ቀርጾ ነው። ለአንድ ብሎን ይህ ሁሉ።

እንጨቱም የራሱ ዕዳ አለበት። የዋልነት ሰደፍ መጀመሪያ ሲሠራ ከብረቱ ትንሽ ከፍ ብሎ ይተው ነበር፤ በፍተጋ ብረቱ ባለቀበት ቦታ ግን በእንጨቱና በብረቱ መካከል ክፍተት ይመጣል። አዳሹ ክፍተቱን ለመደበቅ እንጨቱን በብርጭቆ ወረቀት ያወርደዋል። የተቀረጸው ጥልፍልፍ ድንበሩ ይጠፋል፣ የአንገቱ ሹል ቅርጽ ይሟሽሻል፤ ብረቱ ደግሞ ከእንጨቱ በላይ ይቀራል። ለዘመናት የማሽን ዘይት የጠጣ እንጨት ከሆነማ ለስልሶ የተኩሱን ግፊት አይችልም። ዘይቱን በኖራ ድንጋይ ዱቄት ቀስ በቀስ አስመጥጦ፣ የተረገጠውን ቦታ በእንፋሎት አንሥቶ፣ በመጨረሻ በተልባ ዘይት ማሸት ከመፋቅ ይሻላል።

ከሁሉ የሚከፋው ግን የማይታየው ነው። የአፈሙዝ ግድግዳ ወደ ጫፉ ሲሄድ ይሳሳል፤ በእንግሊዝ ባለሙያዎች ዘንድ የተለመደው ዝቅተኛ ልክ 0.5 ሚሊሜትር ገደማ ነው። የዝገት ጉድጓድ ለማጥፋት ከውጭ የፋቀና ከውስጥ ያሰፋ ሰው ከሁለቱም በኩል ከዚህች ግማሽ ሚሊሜትር ይበላል። በመለኪያ ሳይለካ ይህን የሚያደርግ ሰው የሚጫወተው በተኳሹ ግራ እጅ ነው።

በኩራዝ ጥላሸት

ተበላሽቶ የመጣውን እንዴት ይመልሱታል? ሥራው ዛሬም በኩራዝ ይሠራል። ባለሙያው የላምባ ኩራዝ ያበራና ክሩን ከፍ አድርጎ ጭሱ እንዲበዛ ያደርጋል። የአፈሙዞቹን መንጠቆ፣ የጉጦቹን ጎንና ሥራቸውን ከነበልባሉ በላይ ያሳልፋል፤ እጅግ ስስ ጥላሸት ይለብሳሉ። አፈሙዞቹን ገጥሞ ይዘጋና ይከፍታል። ብረት ብረትን የነካበት ቦታ ጥላሸቱ ተጠርጎ ያበራል። ያቺን የምታበራ ቦታ ብቻ በጥሩ ሞረድ ወይም በድንጋይ አንዴ ሁለቴ ይነካታል። ያጸዳል፣ እንደገና ያጨሳል፣ እንደገና ይዘጋል። መጀመሪያ አንድ ነጥብ ያበራል፤ ከዚያ ሦስት፤ እየቆየ ገጹ ሁሉ እኩል ይነካል። ሰደፉ ሲገጠምም ይኸው ጥላሸት ብረቱ ላይ ይቀባል፤ ከእንጨቱ ምን ያህል መነሣት እንዳለበት የሚያሳየው እሱ ነው።

አፈሙዞቹ ከግንባሩ ከለቀቁ ግን መፋቅ አይፈውስም። በአፈሙዙ ኋላና በግንባሩ መካከል ስስ ወረቀት አስገብቶ ሲዘጋ ወረቀቱ ያለ ችግር ተስቦ ከወጣ፣ ብረት መጨመር አለበት። ማጠፊያው ፒን ወጥቶ ወፈር ያለ ይተካል፤ ወይም የመንጠቆው ገጽ በብየዳ ተሞልቶ እንደገና በልኩ ይሞረዳል። ብየዳው ሙቀት ስለሆነ በአፈሙዞቹ ሥር ያለውን የቆርቆሮ ብየዳ እንዳይነካ መጠበቅ አለበት፤ ጥቁረቱም በዙሪያው ይበላሻል። ቀለሙ ከሁሉ በኋላ መሆን ያለበት ለዚህ ነው።

አንድ ነገር ግን በማንኛውም ጊዜ መዘንጋት የለበትም። መዶሻውን ይዞ የሚያቆየው መያዣ ጥርስ ከምላጩ ጋር መነካካት ያለበት ምላጩ ሲሳብ ብቻ ነው። መዝጊያ ቤቱ ከጎበጠ ወይም እንጨቱ ተፍቆ ብሎኑ ከልኩ በላይ ከተጠበቀ፣ የምላጩ ሰሌዳ ወደ ላይ ይጠጋና ምላጩ ሳይሳብ ጥርሱን ይገፋል። ጥርሱ ሙሉ በሙሉ አይዝም። እንዲህ ያለ ጠመንጃ ሲዘጋ ብቻ፣ ማንም ሳይነካው፣ ሊተኩስ ይችላል። የግጥም ነገር የውበት ጉዳይ ብቻ ነው ብሎ የሚያስብ ሰው ይህን ያስታውስ።

ሳይቸግር ጤፍ ብድር

በእንግሊዝ የለንደን ጠመንጃ ሠሪዎች ማኅበር ከ1637 ጀምሮ፣ የበርሚንግሃም የመፈተኛ ቤት ደግሞ በ1813 በወጣ ሕግ ተቋቁሞ አፈሙዝ ይፈትናሉ። ከተለመደው በላይ ግፊት ያለው ጥይት ተተኩሶ ጠመንጃው ከቻለ ማኅተም ይመታበታል። በአገሪቱ ሕግ ከፈተናው ልክ የወጣ ጠመንጃ መሸጥ ወንጀል ነው። የአፈሙዙ ውስጥ ከታተመበት ልክ ከተፈቀደው በላይ ከሰፋ ፈተናው ያልፍበታል፤ እንደገና መፈተን አለበት። በጥቁር ባሩድ ብቻ የተፈተነ አሮጌ ጠመንጃ ደግሞ ምንም ያህል ያምር የዛሬ ጭስ አልባ ጥይት ሊጎርስ አይገባም። አሜሪካን በመሰሉ የመንግሥት መፈተኛ ቤት በሌለባቸው አገሮች ኃላፊነቱ በባለቤቱና በጠጋኙ ትከሻ ላይ ነው።

ስለዚህ አቋሜ ግልጽ ነው። የሚሠራ፣ ግጥሙ ደህና የሆነ፣ ቀለሙ ብቻ በእጅ ብዛት የደበዘዘ ጠመንጃ ማደስ ሳይቸግር ጤፍ ብድር ነው። ያ ግራጫ ገጽ እጅ የተቀባበለው ለመሆኑ ምስክር ነው፤ ገዢም ሆነ ባለሙያ የሚያምነው እሱን ነው። ዝገቱ እየበላው ያለ፣ ዘንጉ የለቀቀ፣ ከግንባሩ የወጣ ከሆነ ግን ይጠገን፤ ሥራውም በተገቢው ቅደም ተከተል ይሂድ። መጀመሪያ ልኬት፣ ከዚያ ዘንጎቹ፣ ከዚያ የአፈሙዞቹና የግንባሩ ግጥም፣ ከዚያ ብሎኖቹና እንጨቱ። እንደገና የሚቀረጸው ሐረግም ከዚህ በኋላ ይምጣ። ማጠንከር ግድ ካልሆነ አይጠንክር፤ ግድ ከሆነ በመደገፊያ ታስሮ ይጠንክር፣ ተመልሶም በኩራዙ ይፈተሽ። ጥቁረቱ የመጨረሻው ይሁን።

የአባቱን ጠመንጃ ይዞ ወደ ወርክሾፕ የሚሄድ ሰውም የመጀመሪያ ጥያቄው ቀለሙ ምን ያህል ያምራል የሚለው አይሁን። የአፈሙዙ ግድግዳ በስሱ ቦታው ስንት ነው? ዘንጎቹ ተፈትሸዋል? መዝጊያ ቤቱ ቢጎብጥ ማን ያቀናዋል፣ በማንስ ወጪ? ብሎ ይጠይቅ። መልሱን በቁጥር የሚሰጥ ባለሙያ ካገኘ ጠመንጃውን ይስጠው፤ ካላገኘ ዘይት ቀብቶ ወደ ቤቱ ይመልሰው።